«ሰፈሩን ፖሊስ አደረግን»፦ ፖሊስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ስለ ንጽሕናና ስለ ወታደር ተረኝነት የነበረው ትርጉም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተጻፉ የወታደር ደብዳቤዎችንና የሠራዊት ደንቦችን ወደ አማርኛ እየመለሱ ሳሉ በሦስት አነጋገሮች ተቸግረዋል። በመጀመሪያው ወታደሮቹ ጧት ተነሥተው «ሰፈሩን ፖሊስ አደረግን» ይላሉ። በሁለተኛው አንድ መርማሪ መኮንን ስለ ጎበኘው ሰፈር «ፖሊሱ መጥፎ ነው» ብሎ ጽፏል። ሦስተኛው በደንቡ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣው «የፖሊስ ዘብ» ነው። ጠያቂያችን ቃሉ በእርግጥ ንጽሕናን ያመለክት እንደ ነበር፣ ከሆነም ጫማና ዕቃ መወልወልን ከሚያመለክተው «ፖሊሽ» ከሚባለው ቃል የመጣ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አዎ፣ ቃሉ ንጽሕናን ያመለክታል፤ ከ«ፖሊሽ» ግን አልመጣም። ወታደሮቹ የተጠቀሙበትን ትርጉም ብዙ ሰው በኋላ የተፈጠረ የጦር ሰፈር ፈሊጥ ያደርገዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ፖሊስ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዩኒፎርም የለበሰ ሕግ አስከባሪ ከቃሉ ትርጉሞች ሁሉ ታናሹ ሲሆን፣ ወታደሮቹ ሰፈራቸውን እየጠረጉ የጠሩት ትርጉም ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ሰፊ ትርጉም ቅሪት ነው። ይህ ካልታወቀ ተርጓሚው በየገጹ ፖሊስ ባልነበረበት ቦታ ፖሊስ ያቆማል።

ሥሩ ግሪክ ነው። ከተማን ወይም ከተማዊ መንግሥትን ከሚያመለክተው «ፖሊስ» ከሚለው የግሪክ ቃል «ፖሊቴያ» ወጣ፤ ትርጉሙም የአገር አስተዳደር፣ የዜጎች አኗኗር ሥርዓት ማለት ነበር። ላቲን «ፖሊቲያ» ብሎ ወሰደው፤ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በዚያን ጊዜ «ፖሊስ» እና «ፖሊሲ» የሚባሉት ሁለት ቃላት ከአንድ ግንድ የወጡ መንትዮች ስለ ነበሩ አንዱ በሌላው ቦታ ይጻፍ ነበር፤ ሁለቱም አገርን በሥርዓት ማስተዳደርን ይገልጹ ነበር። በኋላ ተከፋፍለው አንደኛው ዕቅድንና የአመራር አቅጣጫን፣ ሁለተኛው የዕለት ተዕለት ሥርዓት ማስከበርን ያዘ። አማርኛችን ሁለቱንም ተለያይተው ካበቁ በኋላ ስለ ተዋሰ ዝምድናቸው በቀላሉ አይታየንም። የኢንሹራንስ ውል የሚባለው «ፖሊሲ» ግን ከነዚህ ጋር አይገናኝም፤ እርሱ ማስረጃ ወይም ደረሰኝ ከሚል ሌላ የግሪክ ቃል ተነሥቶ በጣልያንኛ በኩል የመጣ ነው።

«ፖሊሽ» ከሌላ ቤት ነው። ማለስለስና ማንጸባረቅ ማለት ከሆነው «ፖሊሬ» ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ጨዋንና ትሑትን የሚያመለክተው «ፖላይት» የሚለው ቃልም የእርሱ ልጅ ነው። ስለዚህ ወታደሩ ጫማውን ሲወለውል የሚጠቀምበት ግሥና ሰፈሩን ሲጠርግ የሚጠቀምበት ግሥ በድምፅ ቢቀራረቡም አይዛመዱም። የጠያቂያችን ግምት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳይኛ በሥርዓት የሚተዳደርን፣ የሠለጠነን ሕዝብ ከመጀመሪያው ሥር፣ ለስላሳና ጨዋ ሰውን ደግሞ ከሁለተኛው ሥር በወጡ፣ በጆሮም በትርጉምም በጣም በሚቀራረቡ ቃላት ይጠራል፤ ፈረንሳውያን ጸሐፊዎችም ሁለቱን እያጎራበቱ ተጠቅመውባቸዋል። ጉርብትናው እውነት ነው፤ የሥር ዝምድና ግን የላቸውም።

ንጽሕና ወደ ቃሉ የገባበትን በር ለማግኘት ወደ ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል። ሉዊ 14ኛ በመጋቢት 1667 ባወጣው ትእዛዝ የፓሪስን የፖሊስ ሹመት አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ተሿሚም ኒኮላ ዴ ላ ሬኒ ነበር። በትእዛዙ የተሰጠው ሥራ ወንጀለኛ ማሳደድ ብቻ አልነበረም። የመንገዶችን ጽዳት፣ የእሳትና የጎርፍ አደጋን መከላከል፣ የእህልና የሥጋ አቅርቦትን፣ ገበያን፣ ሚዛንና መስፈሪያን መቆጣጠር ሁሉ በእርሱ እጅ ነበር። ከተማይቱን ከጭቃዋ ማላቀቅና በሌሊት በፋኖስ ማብራት ከስሙ ጋር የሚነሡ ሥራዎች ናቸው። በዚያው ከተማ የፖሊስ ኮሚሳር የነበረው ኒኮላ ዴላማር ከ1705 ጀምሮ ባሳተመው ሰፊ ድርሳን ውስጥ ሃይማኖትን፣ ግብረ ገብን፣ ጤናን፣ ምግብን፣ መንገድን፣ ንግድን፣ የአገልጋዮችንና የድሆችን ጉዳይ ሁሉ በፖሊስ ስም ሥር አስገብቷል። ለዴላማር ፖሊስ ማለት የሰው ልጅ በከተማ አብሮ ለመኖር የሚያስፈልገው ሥርዓት ማለት ነበር፤ የቆሸሸ መንገድም እንደ ሌባው ሁሉ የዚህ ሥርዓት ጉድለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ በጀርመን አገሮች ከፈረንሳይ ይልቅ ሥር ሰደደ፤ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ ትምህርትም ሆነ። ዮሐን ፔተር ፍራንክ የተባለው ሐኪም በ1779 የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣለት ታላቅ ሥራው ስለ «የሕክምና ፖሊስ» ነው፤ እኛ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ የምንለው ማለት ነው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በ1807 የፎረንሲክ ሕክምናና የሕክምና ፖሊስ ወንበር ሲያቋቁም ያንኑ ቃል በዚያው ትርጉም ወስዷል። በዚህ ወንበር የተቀመጠ መምህር ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ተላላፊ በሽታ ያስተምር ነበር እንጂ ከእስር ቤት ጋር ጉዳይ አልነበረውም።

እንግሊዞች ቃሉን ለረዥም ጊዜ በጥርጣሬ አዩት፤ የፈረንሳይ ንጉሥ ሰላዮች ይሸቱበት ነበር። ስኮትላንዶች ግን ተቀበሉት። ንግሥት አን በ1714 ለስኮትላንድ የፖሊስ ኮሚሽነሮችን ሾማለች፤ ይህም ቃሉ በብሪታንያ በይፋ ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ ነው። ለጥያቄያችን ከሁሉ ግልጥ ምስክር የሆነልን አዳም ስሚዝ ነው። በ1760ዎቹ መጀመሪያ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕግ ባስተማራቸው ትምህርቶች፣ ስሙ ከፈረንሳይ እንደ መጣና ሥሩ ግሪክ እንደ ሆነ ከገለጸ በኋላ፣ ቀድሞ የአገር አስተዳደርን ሁሉ ያመለክት የነበረው ቃል በእርሱ ዘመን በዝቅተኞቹ የመንግሥት ሥራዎች ላይ እንደ ተወሰነ ይናገራል፤ እነርሱንም ንጽሕና፣ ጸጥታና የዕቃ ርካሽነት ብሎ ይቆጥራቸዋል። ንጽሕናን በመጀመሪያ ማስቀመጡን ልብ ይሏል። ወዲያው ግን ቆሻሻ ከመንገድ እንዴት እንደሚነሣና የከተማ ዘብ እንዴት እንደሚጠበቅ ጠቃሚ ቢሆኑም ለእንዲህ ያለ ትምህርት የማይመጥኑ ዝቅተኛ ጉዳዮች ናቸው ብሎ ያልፋቸውና ወደ ዋጋና ወደ ሀብት ይሻገራል። የምጣኔ ሀብት ትምህርቱ በከፊል የተወለደው ፖሊስ በሚል ርእስ ሥር መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ግላስጎው በ1800 የራሷን የፖሊስ ሕግ ስታገኝም ሕጉ ከዘብ ጋር መንገድ ማጽዳትንና መብራትን አብሮ ይዟል። ከዚያ በኋላ የወጡት የስኮትላንድ ከተሞች የፖሊስ ሕጎች፣ እስከ 1892ቱ ድረስ፣ ስለ ውኃና ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ንጣፍ መንገድና ስለ መብራት የሚደነግጉ ናቸው። በእንግሊዝም በ1847 የወጣው የከተማ ፖሊስ ድንጋጌዎች ሕግ መንገድ ላይ ምንጣፍ ማራገፍን ሳይቀር ይመለከታል።

አሁን ወደ ጦር ሰፈሩ እንግባ። ባሮን ፎን ሽቶይበን የተባለው የፕሩሲያ መኮንን በየካቲት 1778 ቫሊ ፎርጅ በተባለው የክረምት ሰፈር ሲደርስ የአሜሪካ ሠራዊት ከጥይት ይልቅ በበሽታና በእጦት እያለቀ ነበር። መጸዳጃው በዘፈቀደ ነበር፤ የታረደ ከብት ሬሳም በሰፈሩ መካከል ይቀር ነበር። ሽቶይበን እንግሊዝኛ ስለማይችል ደንቡን በፈረንሳይኛ ጻፈው፤ በዙሪያው የነበሩ መኮንኖችና ፀሐፊው ፒየር ኤትየን ዱፖንሶ ወደ እንግሊዝኛ መለሱለት፤ ኮንግረሱም በመጋቢት 1779 አጸደቀው። በዚህ ደንብ ውስጥ ስለ ሰፈር ሥርዓትና ንጽሕና በተጻፈው ክፍል የፖሊስ መኮንን ተብሎ የተጠራ ተረኛ አለ። ይህ መኮንን የሰፈሩን ንጽሕና ዞሮ ይመረምራል፤ ከወጥ ቤቶቹ በቀር በሌላ ቦታ እሳት እንዳይነድ ይከለክላል፤ ቆሻሻው ሁሉ ወዲያው ተነሥቶ እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ያደርጋል። የፓሪሱ ሹም ለከተማው የሚሠራውን ይህ ተረኛ ለድንኳኖች ከተማ ይሠራል። ደንቡ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ መጻፉን ስናስብ ቃሉ ከነሰፊ ትርጉሙ እንዴት ወደ አሜሪካ ሠራዊት እንደ ተሸጋገረ ለማየት አይቸግርም፤ ይህ የእኔ ግንዛቤ ቢሆንም ከቃሉ ታሪክ ጋር በሚገባ ይሄዳል።

ጠያቂያችን የያዟቸው ጽሑፎች ከዚህ 80 ዓመት ያህል ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የሠራዊቱ አጠቃላይ ደንብ የሰፈርን አሠራር በርምጃ ለክቶ ይደነግጋል፤ ለምሳሌ የተራ ወታደሮቹ መጸዳጃ ጉድጓድ ከሰንደቅ ዓላማው መስመር ፊት ለፊት 150 ርምጃ ርቆ እንዲቆፈር፣ በቅጠል እንዲጋረድ፣ ከተቆፈረው አፈርም በየጊዜው እየተመለሰ እንዲጨመርበት ያዛል። ይህን የመሰለ ሥራ ሁሉ የሰፈሩ «ፖሊስ» ነው። ወታደሩ ጧት በከበሮ ተጠርቶ ከድንኳኖቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ ይጠርጋል፤ አጥንትና ትርፍራፊ ይለቅማል፤ ቦይ ያጠራል፤ ማታ በደብዳቤው ሰፈሩን ፖሊስ አደረግን ብሎ ይጽፋል። በዚያ ጦርነት እንደ ሞቱ ከሚገመቱት 620,000 ያህል ወታደሮች መካከል ሁለት ሦስተኛ የሚያህሉት በበሽታ እንጂ በቁስል አልሞቱም። በሰኔ 1861 የተቋቋመው የአሜሪካ የንጽሕና ኮሚሽን መርማሪዎቹን ወደ የሰፈሩ ሲልክ ስለ ሰፈሩ ፖሊስ ይጠይቁ የነበረውም ለዚህ ነው፤ የጉድጓዱ ርቀትና የቆሻሻው አወጋገድ ስንት ሰው ወደ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ የሚወስኑ ነገሮች ነበሩ። እንግዲህ መርማሪው «ፖሊሱ መጥፎ ነው» ሲል ስለ አንድ ሰው ጠባይ አልተናገረም፤ ሰፈሩ ቆሽሿል፣ የጽዳት ሥርዓቱ ተበላሽቷል ማለቱ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ይህን ትርጉም ወታደራዊ ብሎ ምልክት አድርጎበት ይመዘግበዋል፤ ስሙን የሰፈር ወይም የጦር ጣቢያ ማጽዳት፣ ወይም የሰፈሩ የንጽሕና ሁኔታ፣ ግሡን ደግሞ ማጽዳት ይለዋል። ትርጉሙ ከዚያ ወዲህም አልሞተም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ወታደር ሁሉ የሚያውቀው «የወጥ ቤት ፖሊስ»፣ በአጭሩ ኬፒ የሚባለው፣ ድንች የሚልጥ፣ ድስት የሚያጥብና ወለል የሚወለውል ተረኛ ነው። ኤምፒ ከሚባለው ወታደራዊ ፖሊስ ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም፤ ሁለተኛው ሥርዓት አስከባሪና አሳሪ ሲሆን ራሱን የቻለ ቋሚ ክፍል ሆኖ የተቋቋመው በመስከረም 1941 ነው። ዛሬም ምልምሎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ሜዳውን እያቋረጡ የሲጋራ ቁራጭና ወረቀት የሚለቅሙበት ጥሪ «የፖሊስ ጥሪ» ይባላል። ከተኩስ ልምምድ በኋላ የወደቀውን ቀለህ መልቀምም በዚያው ግሥ ይነገራል። በባሕር ኃይል እግረኛው ዘንድ «የፖሊስ ሳጅን» የሚባል አለ፤ የጽዳቱን ሥራና የጽዳት ዕቃውን የሚመራ ሰው ነው። በአሜሪካ ሠራዊት የሚያገለግሉ ልጆች ያሏቸው ወገኖቻችን ልጃቸው «ፖሊስ ላይ ነበርኩ» ብሎ ቢጽፍላቸው ታስሯል ብለው እንዳይደነግጡ ይህን ማወቁ ይጠቅማቸዋል።

ታዲያ ሲቪሉ ዓለም ይህን ትርጉም ለምን ጣለው? ዋናው ምክንያት የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ይመስለኛል። ሮበርት ፒል በ1829 ሲያቋቁመው ዩኒፎርም ለብሶ በየመንገዱ የሚዘዋወር፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አካል ተፈጠረ፤ ቀስ በቀስም ቃሉ ከሥራው ይልቅ ሠራተኞቹን መጥራት ጀመረ። በሌላ በኩል መንገድ ማጽዳት ለማዘጋጃ ቤት፣ ጤና ለጤና ቦርድ፣ እሳት ለእሳት አደጋ ብርጌድ እየተከፋፈለ ሄደ። ሥራዎቹ የየራሳቸውን መሥሪያ ቤትና ስም ሲያገኙ ለፖሊስ የቀረው ወንጀልና ጸጥታ ነው። ሠራዊቱ ግን እንዲህ ያለ ክፍፍል አላስፈለገውም፤ የሚዘበውም የሚጠርገውም ያው ወታደር ስለ ሆነ አሮጌው ቃል በቦታው ቆየ።

ሰፊው ትርጉም የተረፈበት ሌላ ቦታ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሕግ ነው። በዚያ «የፖሊስ ሥልጣን» ማለት ክፍላተ አገሮች የሕዝብን ጤና፣ ደኅንነትና ግብረ ገብ ለመጠበቅ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1873 ውሳኔ በኒው ኦርሊንስ ቄራዎች፣ የ1905ቱ ደግሞ በማሳቹሴትስ በፈንጣጣ ክትባት ላይ ሲሰጥ ክርክሩ የዞረው በዚሁ ሐሳብ ዙሪያ ነበር። የሕግ ጽሑፍ የሚተረጉሙ ባልደረቦች ይህን የፖሊስ መኮንኖች ሥልጣን አድርገው ሲመልሱት ሳይ አዝናለሁ፤ ክርክሩ በሙሉ ትርጉም ያጣል።

ወደ እኛ ቋንቋ ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ የከተማው ዘብ «የአራዳ ዘበኛ» ይባል እንደ ነበር የሚታወስ ነው፤ ዘመናዊው የፖሊስ ኃይል በ1942 በወጣው አዋጅ ሲደራጅ ቃሉ ከጠበበ በኋላ ስለ ደረሰን ጽዳትን የሚነካ ትርጉም በአማርኛ ይዞ አያውቅም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ «ፖሊስ» የሚለውን እንዳለ ትቶ ማለፍ አይቻልም። ለአሮጌው ትርጉም ከሁሉ የሚቀርበው ቃል በእኔ አስተያየት «ሥርዓት» ነው። ሥርዓት ሥርዓተ መንግሥትንም፣ የልጅን ጨዋነትም፣ የተስተካከለ ቤትንም ይገልጻል፤ «ቤቱን ሥርዓት አስያዘችው» ስንል መጥረጉም ማስተካከሉም አብሮ ይሰማል። ከዘመኑ ተቋማት ደግሞ ለሽቶይበኑ መኮንን የሚቀርበው፣ በመንገድ ላይ ቆሻሻ መጣልንና ሕገ ወጥ ንግድን የሚከታተለው የከተማ ደንብ አስከባሪ ነው።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ አነጋገሮች ልመለስ። ግሡ ቦታን ተሳቢ አድርጎ ከመጣ፣ ማለትም ሰፈርን፣ ድንኳንን ወይም መተላለፊያን ከሆነ፣ «ሰፈሩን አጸዳን» ወይም «ሰፈሩን ጠርገን ሥርዓት አስያዝን» ማለት ይበቃል። ስሙ ከጥሩ ወይም ከመጥፎ ጋር ሆኖ የቦታን ሁኔታ ሲገልጽ «የሰፈሩ ንጽሕና መጥፎ ነው» ይባል፤ ዘገባው ወታደራዊ ስለ ሆነ «የሰፈሩ የጽዳት አያያዝ» ቢባል ደግሞ ይበልጥ ይስማማዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነው። «የፖሊስ ዘብ» በዚያ ደንብ ውስጥ የጽዳት ቡድን አይደለም። በየሬጅመንቱ በየቀኑ የሚመደብ፣ ሁለት ሳጅኖች፣ ሦስት ኮርፖራሎች፣ ሁለት ከበሮ መቺዎችና ለጥበቃ የሚበቁ ወታደሮች ያሉት የሰፈር ውስጥ ጥበቃ ነው፤ ከሰፈሩ ውጭ ጠላትን ከሚጠብቀው የግንባር ቃፊር የሚለየውም በዚህ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ የያዘው ከንጽሕናው ይልቅ የውስጥ ሥርዓቱን ገጽታ ስለ ሆነ «የሰፈር ውስጥ ዘብ» ብለው እንዲመልሱት እመክራለሁ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ግን እስረኛ ወታደሮች በዘብ ታጅበው ሰፈሩን «ፖሊስ ሲያደርጉ» የሚታዩበት ቦታ ያጋጥምዎታል፤ ቅጣታቸው ያው መጥረግ ስለ ነበር፣ እዚያ ዘቡን «ዘብ»፣ ሥራቸውን «ጽዳት» ብለው ይለዩት።